ለቤት ስቱዲዮ ሳውንድ ካርድ ስትቀይሩ፦ ከመግዛት በፊትና በኋላ የሚደረጉ ነገሮች

ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚቀርፅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ሳውንድ ካርዴን ልቀይር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሌላ ሰው ሥራ ሰምተን የራሳችን ሲያንስብን ነው። ከዚያ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለ ዘመድ መልእክት ይላካል። ዕቃው ይመጣል። ድምፁ ግን እንደነበረው ነው።

ይህ የሚሆነው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሳውንድ ካርድ፣ በሙሉ ስሙ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ሥራው የተወሰነ ነው። ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያጎላል። ወደ ቁጥር ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ደግሞ መልሶ ለማዳመጫና ለስፒከር ይልካል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሥራችሁን የሚያግድ ነገር ካለ ቀይሩት። ከሌለ ብሩ ለማይክ ወይም ለክፍሉ ቢውል ልዩነቱን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የት እንዳለ ፈትሹ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ምንም ወጪ የለውም፣ ብዙ ሰውን ደግሞ ከማያስፈልግ ግዢ ያድናል።

ማይካችሁን ሁልጊዜ በምትቀርፁበት ቦታና ጌይን (የማይኩን ሲግናል የሚያጎላው ማዞሪያ) ላይ አድርጉ። ማንም ሳይናገር 30 ሰከንድ ያህል ቅረፁ። ቀጥሎ የስፒከሩን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ፋንተም ፓወር የሚባለውን፣ ለማይክ ኃይል የሚልከውን የ48 ቮልት ቁልፍ አጥፉ፣ ጥቂት ጠብቁና የማይኩን ገመድ ንቀሉ። ጌይኑን ሳትነኩ እንደገና 30 ሰከንድ ቅረፁ። አሁን ሁለቱን በማዳመጫ እያወዳደራችሁ ስሙ።

ገመዱ ሲነቀል ሽሽታው ከጠፋ፣ ጥፋቱ የሳውንድ ካርዱ አይደለም፤ የክፍሉ ወይም የማይኩ ነው። የፍሪጅ ድምፅ፣ የላፕቶፕ ፋን፣ ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ እነዚህን ሁሉ ውድ ሳውንድ ካርድም እንዳሉ ይቀርፃቸዋል። ገመዱ ተነቅሎም ሽሽታው ምንም ካልቀነሰ ግን ፕሪአምፑን፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱ ውስጥ የማይኩን ሲግናል የሚያጎላውን ክፍል፣ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሙከራ ለእኛ አገር ቤቶች በጣም ጠቃሚ ነው። ከስፒከሩ ወይም ከቀረፃችሁት ድምፅ ሥር «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ምንጩ የቤቱ ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ እምምታ የሚሰማው በ50 ኸርዝና በእጥፎቹ ላይ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ማከፋፈያው ላይ የአፈር መስመሩ በደንብ አልተሠራም፣ ወይም ጭራሽ የለም። መፍትሔው ጎበዝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስጠራት፣ የስቱዲዮውን ዕቃ ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት፣ ከሳውንድ ካርዱ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውንም ገመድ ባለሦስት ሽቦ ቲአርኤስ ማድረግ ነው። የአፈሩን እግር ከሶኬቱ ላይ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ይህን በፍፁም አታድርጉ፤ ማይክ ከንፈሩ ላይ ያስጠጋ ዘፋኝ በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል።

ሦስተኛው አጭር ነው። ማይኩ ያለበት ቦታ ቆማችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ ተመልሶ ከጮኸ ክፍሉ ባዶ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከግድግዳ ጋር የቆመ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከየትኛውም ሳውንድ ካርድ የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ።

ሙከራው ሲያልቅ ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «አሁን ያለኝ ሳውንድ ካርድ ይህን እንዳላደርግ ከልክሎኛል።» «ይህን» በሚለው ቦታ ተጨባጭ ነገር ማስገባት አለባችሁ። «ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መቅረፅ»፣ «ዘፋኙ ራሱን ሳይዘገይ እንዲሰማ ማድረግ»፣ «ለማይኬ የሚበቃ ጌይን ማግኘት»። «ድምፄን ፕሮፌሽናል ማድረግ» መልስ አይደለም። የሚቀጥሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚመሩት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ከየት ተነስታችሁ ወዴት እንደምትሄዱ እወቁ

ቪ8 በሚባለው የላይቭ ሳውንድ ካርድና ከእሱ ጋር በሚሸጠው ቢኤም-800 ማይክ የምትሠሩ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ቀይሩ። ያ ዕቃ የተሠራው ለስልክ ላይቭ ነው። ትክክለኛ የኤክስኤልአር (ባለሦስት እግር የማይክ መሰኪያ) መግቢያና 48 ቮልት ወዳለው ማንኛውም የታወቀ ሳውንድ ካርድ ስትሻገሩ፣ ርካሹ እንኳ ቢሆን፣ ለውጡ በመጀመሪያው ቀን ይሰማል።

ቤህሪንገር ዩኤምሲ22 ያላችሁም የመቀየር ምክንያት ሊኖራችሁ ይችላል። የማይክ መግቢያው አንድ ብቻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይም የራሱ አሲዮ ድራይቨር (ድምፁ ብዙ ሳይዘገይ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ስለሌለው ሰው በአሲዮ4ኦል፣ ለሁሉም ካርድ በሚሆን ነጻ ድራይቨር፣ ነው የሚጠቀመው። አሲዮ4ኦል ሥራ ያስኬዳል፤ የአምራቹን ድራይቨር ግን አይተካም።

ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛው ትውልድ፣ ሞቱ ኤም2፣ ኦዲየንት አይዲ4 ወይም የዚህ ክፍል ዕቃ ይዛችሁ በዚያው ዋጋ ወዳለ ሌላ ብራንድ ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ቆም በሉ። በዚህ ክፍል ያሉ ፕሪአምፖች ሁሉ ፊዚክስ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ኖይዝ የሚርቁት በጥቂት ዴሲቤል ነው። ሰሚው በሚክስ ውስጥ አይለያቸውም። ወደ ጎን አትቀይሩ። ከቀየራችሁ ብዙ መግቢያ፣ ብዙ ጌይን፣ የተሻለ ድራይቨር ወይም የተሻለ መውጫ አግኝታችሁበት ይሁን።

ደረጃ 3፦ በአንድ ጊዜ የሚቀረፁትን ማይኮች ቁጠሩ

ቢቱን ኮምፒውተር ላይ ሠርታችሁ ቮካል ብቻ የምትቀርፁ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት መግቢያ ይበቃችኋል። ኮረስ ሲኖርም ድምፁ እየተደራረበ ስለሚቀረፅ ቁጥሩ አይጨምርም። ሁለት ሰው የሚያወራበት ፖድካስት ሁለት ይፈልጋል። ሦስተኛ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ አራት ግዙ።

የባህል መሣሪያ ቀጥታ የምትቀርፁ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ክራር አንድ፣ ማሲንቆ አንድ፣ ዋሽንት አንድ፣ ከበሮ ሁለቱም ፊቱ እንዲያዝ ከፈለጋችሁ ሁለት፣ ዘፋኙ አንድ። ስድስት ሆነ። እነዚህ ሰዎች እየተያዩ ሲጫወቱ የሚወጣው ስሜት አንድ በአንድ ሲቀረፁ አይገኝም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ለመግቢያ የሚወጣ ብር ተገቢ ነው።

የሞዴል ስም ላይ ያለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ስካርሌት 4አይ4 እና ሞቱ ኤም4 ስማቸው አራት ይላል፤ የማይክ ፕሪአምፓቸው ግን ሁለት ነው። የቀሩት መግቢያዎች ለኪቦርድና ለመሳሰሉት የላይን መግቢያዎች ናቸው። ቤህሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ ግን በእርግጥ አራት የማይክ ፕሪአምፕ አለው። ስካርሌት 18አይ20 ደግሞ ስሙ 18 ቢልም ከፕሪአምፕ ጋር የሚመጣው 8 ነው። ስለዚህ የዕቃውን ገለፃ ስታነቡ «የማይክ ፕሪአምፕ ስንት?» የሚለውን ብቻ ፈልጉ።

አንድ ብልሃት አለ። ዛሬ ሁለት ይበቃኛል፣ ነገ ግን ባንድ ልቀርፅ እችላለሁ የምትሉ፣ አዳት የሚባል የኦፕቲካል መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ ምረጡ። ኦዲየንት አይዲ14 ማርክ 2 ትንሽ ዕቃ ሆኖ ይህ መግቢያ አለው። በኋላ እንደ ቤህሪንገር ኤዲኤ8200 ያለ ባለ 8 ፕሪአምፕ ሳጥን በአንድ ቀጭን የኦፕቲካል ገመድ ስታገናኙ በ48 ኪሎኸርዝ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ 48 ሺህ የድምፅ ናሙና) ስምንት ማይክ ይጨመርላችኋል። 96 ኪሎኸርዝ በሚችል ሳጥን በዚያ ሬት ከቀረፃችሁ አራት ብቻ።

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ዕቃ) የተገጠመለት ክራር ያላችሁ ደግሞ ኢንስትሩመንት ወይም ሃይ-ዚ የሚል ቁልፍ መኖሩን አረጋግጡ። የፒዬዞ ፒክአፕ አንድ ሚሊዮን ኦም ያህል ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል። ተራ የላይን መግቢያ ውስጥ ስትሰኩት የወፍራሙ ክር ሙላት ይጠፋል፤ ድምፁ ቀጥኖ ከቆርቆሮ የወጣ ይመስላል። ክራሩ የተበላሸ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ደረጃ 4፦ ጌይኑን ከማይካችሁ ጋር አስሉ

በመቀየር እውነተኛ ጥቅም ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ኮንደንሰር ማይክ (በ48 ቮልቱ የሚሠራውን) የምትጠቀሙ ከሆነ ዝለሉት፤ የሚያወጣው ሲግናል ጠንካራ ስለሆነ ማንኛውም ፕሪአምፕ ይበቃዋል። ጣጣው ያለው ያለ 48 ቮልት በሚሠራው ዳይናሚክ ማይክ ላይ ነው።

በየፖድካስቱ የምታዩትን ሹር ኤስኤም7ቢ እንውሰድ። አምራቹ ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን ያስፈልገዋል ይላል። ስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛው ትውልድ የሚሰጠው 56 ነው። ጌይኑ መጨረሻው ድረስ ተጠምዝዞም ድምፁ ያንሳል፤ በተለይ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው። በ2023 የወጣው አራተኛው ትውልድ 2አይ2 ወደ 69 ከፍ ብሏል። አርኤምኢ ቤቢፌስ ፕሮ ኤፍኤስም ከ60 በላይ ይሰጣል። እንግዲህ ኤስኤም7ቢ ይዞ በ56 የሚሠራ ሰው የመቀየር ምክንያት አለው ማለት ነው።

ግን ችግራችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድም አለ። ክላውድሊፍተር የሚባለው ትንሽ ሳጥን በማይኩና በሳውንድ ካርዱ መካከል ገብቶ 25 ዴሲቤል ይጨምራል። ፌትሄድ የሚባለውም ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በ48 ቮልቱ ነው፤ ያንን ቮልት ራሳቸው ይጠቀሙበታል እንጂ ወደ ማይኩ አያሳልፉትም። ሌላው ነገር ከተስማማችሁ ሳውንድ ካርዱን ሳትቀይሩ ይህን መግዛት ይበቃል።

ለከበሮ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ችግሩ ጌይን መብዛቱ ነው። ጌይኑን ዜሮ አድርጋችሁም ቀይ መብራት ከበራ ማይኩን አርቁ፣ ወይም ፓድ የሚባል የድምፅ መቀነሻ ያለው ማይክ ወይም ሳውንድ ካርድ ተጠቀሙ። አንዴ ክሊፕ ያደረገ፣ ማለትም ከመጠን አልፎ ጫፉ የተቆረጠ፣ ቀረፃ በኋላ አይስተካከልም።

ደረጃ 5፦ መዘግየቱን በቁጥር እዩት

ዘፋኙ ማዳመጫ አድርጎ ሲዘፍን ድምፁ ከአፉ ዘግይቶ ከመጣበት ሪትሙ ይጠፋዋል። ብዙ ሰው መረበሽ የሚጀምረው መዘግየቱ ከ10 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የባፈሩን ቁጥር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን የናሙና ብዛት) ለሳምፕል ሬቱ አካፍሉ። ባፈር 128 በ48 ኪሎኸርዝ 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 512 ከሆነ 10.7 ይሆናል። ድምፅ ገብቶ ስለሚወጣ በሁለት አባዙት፤ በዚያ ላይ ድራይቨሩና መቀየሪያው የራሳቸውን ይጨምራሉ።

ስለዚህ ሁለት ሳውንድ ካርዶች በአንድ ባፈር ላይ ሆነው መዘግየታቸው ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ድራይቨሩ ነው። አርኤምኢ ዋጋው ኪስ የሚጎዳ ሆኖ ሳለ ሰዎች የሚመርጡት በዋናነት ለድራይቨሩ ጥራትና ኩባንያው የድሮ ዕቃዎቹን ሳይቀር ለብዙ ዓመታት ስለሚያሻሽላቸው ነው።

ለመቀየር ከመወሰናችሁ በፊት ግን ዳይሬክት ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ሞክሩ። ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ይመለሳል፤ የሚሰማ መዘግየት አይኖርም። ቅሬታው ሪቨርብና ኦቶቲውን አብሮ አለመሰማቱ ነው። ዘፋኛችሁ ያለ ሪቨርብ መዝፈን የማይሆንለት ከሆነ፣ ያኔ የተሻለ ድራይቨር ወይም እንደ ዩኒቨርሳል ኦዲዮ አፖሎ ትዊን ያለ ኢፌክቱን በራሱ ቺፕ የሚሠራ ዕቃ ትርጉም አለው። አፖሎ ትዊን ኤክስ በተንደርቦልት (ፈጣን የኮምፒውተር መሰኪያ) የሚሰካም በዩኤስቢ የሚሰካም ዓይነት አለው። ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ተንደርቦልት የላቸውም፤ ላፕቶፓችሁን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

ደረጃ 6፦ መውጫዎቹን እዩ

አንድ የማዳመጫ መውጫ ብቻ ካለ ቀራጩና ዘፋኙ እየተፈራረቁ ይሰማሉ። በተለየ ቮሊዩም የሚስተካከሉ ሁለት መውጫዎች ትልቅ ዕረፍት ናቸው። ማዳመጫችሁ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ባለ 250 ኦሙ ከሆነ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠሩ ትናንሽ ሳውንድ ካርዶች ድምፁን በበቂ ሁኔታ ከፍ ላያደርጉት ይችላሉ፤ ባለ 80 ኦሙ ይቀላል። በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ቀጥታ የምታስተላልፉ ደግሞ ሉፕባክ የሚል ነገር መኖሩን ጠይቁ። የኮምፒውተሩን ሙዚቃና የእናንተን ድምፅ አንድ ላይ የሚልከው እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ መብራቱንና ኮምፒውተሩን አስቡ

የውጭ ዩቲዩበሮች የማይነግሯችሁ ነገር ይኸውላችሁ። በዩኤስቢ ኃይል ብቻ የሚሠራ ሳውንድ ካርድና ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ካላችሁ መብራት ሲጠፋ ቀረፃው አይቋረጥም። ስፒከሩ ይጠፋል፤ ዘፋኙ ግን በማዳመጫ ዘፈኑን ይጨርሳል። ትልልቆቹ ባለ 8 ፕሪአምፕ ዕቃዎች ግን የራሳቸው የኃይል ገመድ አላቸው፤ መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። እነሱን የሚገዛ ሰው በጀቱ ላይ ዩፒኤስ ጨምሮ ያስብ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «100-240» ካለ የሶኬቱን ቅርፅ የሚቀይር መሰኪያ ብቻ ይበቃል። «120» ብቻ ካለ በ220 ቮልት ላይ ሰክታችሁ እንዳታቃጥሉት።

ሌላው ዩኤስቢ-ሲ የሚለው ነገር ነው። ይህ የመሰኪያው ቅርፅ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። ተራው ዩኤስቢ 2.0 እንኳ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ አንድ የ24 ቢት፣ የ48 ኪሎኸርዝ ትራክ ከ1.2 ሜጋቢት አይበልጥም። ስለዚህ ለፍጥነት ብላችሁ አትጨምሩ። ፋየርዋየር የሆኑ የድሮ ዕቃዎችን ግን ምንም ቢረክሱ እለፏቸው፤ የዛሬ ላፕቶፖች መሰኪያው የላቸውም።

192 ኪሎኸርዝ የሚለውም ገንዘብ የሚጨመርበት ምክንያት አይደለም። 48 ኪሎኸርዝ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ነው። በ192 ስትቀርፁ አንድ ትራክ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በ48 ከ9 በታች ነው። 24 ቢት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ምረጡ

እኔ ብጠየቅ የምመልሰው እንዲህ ነው። ለጀማሪና በጀቱ ለጠበበ ሰው፣ ቤህሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ፤ የራሱ ድራይቨር አለው፣ ሁለት ማይክ ይይዛል። ለብቻው ለሚሠራ አቀናባሪና ለፖድካስት፣ ስካርሌት 2አይ2 አራተኛው ትውልድ ወይም ሞቱ ኤም2። ጌይን ለሚጎድለው የመጀመሪያው፤ የድምፁን ከፍታ በግልጽ የሚያሳይ ስክሪን ለሚፈልግ ሁለተኛው። ማደግ ለሚያስብ አይዲ14። ቡድን ለሚቀርፅ 18አይ20 ወይም መሰሉ። ከድምፅ ሥራ የሚኖርና አንዴ ገዝቶ ለብዙ ዓመት መገላገል የሚፈልግ ሰው አቅሙ ካለ ቤቢፌስ ፕሮን ይመልከት።

ከመክፈላችሁ በፊት የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ድራይቨሩ ለእናንተ ዊንዶውስ ወይም ማክ ሥሪት መኖሩን እዩ። ከውጭ በዘመድ የመጣ ዕቃ መመለስ ጣጣ ነው።

ደረጃ 9፦ ያገለገለ ስትገዙ

ላፕቶፕ፣ ኮንደንሰር ማይክ፣ ማዳመጫና ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ድራይቨሩን ከቤት ጭናችሁ ሂዱ፤ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ኮንደንሰሩን በየመግቢያው አንድ በአንድ እየሰካችሁ 48 ቮልቱን ሞክሩ። ማዳመጫ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ማዞሪያ ቀስ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ ቿቿ የሚል ካለ ውስጡ አቧራ ወይም ድካም አለ። የዩኤስቢውን ገመድ በጣት ነካ ነካ አድርጉት፤ ከተቋረጠ ተዉት። መሰኪያው የላላ ዕቃ ዘፈን መሃል ነው የሚከዳችሁ። በመጨረሻም ሻጩ ዕቃውን በስሙ አስመዝግቦ ከነበረ ከራሱ አካውንት እንዲያወጣው ጠይቁት።

ደረጃ 10፦ ተክላችሁ አወዳድሩ

የድሮውን ድራይቨርና አሲዮ4ኦልን አጥፉ፣ አዲሱን ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን አስነሱ። ሳምፕል ሬቱን 48፣ ባፈሩን ለቀረፃ 128፣ ለሚክስ 512 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ። ሲቀርፅ የሚቆራረጥ ከሆነ ባፈሩን ወደ 256 ከፍ አድርጉት። ጌይኑን ደግሞ ዘፋኙ በኃይል ሲዘፍን ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አስተካክሉ። በ24 ቢት ከዚህ በላይ መግፋት ጥቅም የለውም።

ከዚያ በደረጃ 1 የሠራችሁትን የ30 ሰከንድ ቀረፃ በአዲሱ ድገሙት፤ ያው ማይክ፣ ያው ቦታ። የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡና የከለከላችሁ ነገር መፈታቱን አረጋግጡ። ካልተፈታ፣ ዕቃውን መመለስ ወይም በአዲስነቱ መሸጥ የምትችሉት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ከተፈታም የድሮውን ቶሎ አትሽጡት። አንድ ሙሉ ሥራ በአዲሱ ጨርሳችሁ እስክታስረክቡ ድረስ ከነገመዱ አስቀምጡት።